እማማ ገብተዋል

በሩ አሮጌ ነበር፤ ሦስት ጊዜ ቀለም የተደራረበበት፣ ከግርጌው ውሃ የበላው ወፍራም የእንጨት በር። እጀታው ግን ገና ከካርቶኑ የወጣ ይመስላል፤ ጥቁር፣ እንደ ስልክ መስታወት የሚያብረቀርቅ፣ የቁልፍ ቀዳዳ የሌለው። ኢንስፔክተሯ ጎንበስ ብላ አየችው። የተጫረ፣ የተፈለቀቀ ነገር የለም።

«በምንድን ነው የሚከፈተው?» ብላ ጠየቀች።

«በጣት ወይ በካርድ» አለ ሳጅኑ ከውስጥ ሆኖ። «በልመና ብቻ ነው የማይከፈተው።»

ሳጅኑ ጡረታ ሊወጣ ስምንት ወር የቀረው፣ ሆዱ ቀበቶውን የሚያስጨንቅ ሰው ነው። ቀልድ የሚያበዛው ሆዱ ሲባባ መሆኑን ኢንስፔክተሯ ካወቀች ቆይታለች። በዕድሜ ስለሚበልጣት «ጋሼ» ትለዋለች፤ እሱ ደግሞ «አለቃ» ይላታል።

ዕለቱ አርብ፣ ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው። ሟቿ ሳሎኑና ኮሪደሩ በሚገናኙበት ቦታ በጎናቸው ተኝተዋል። ኮሪደሩ ከሳሎኑ በአንድ ደረጃ ዝቅ ይላል፤ የደረጃው ጠርዝ ድንጋይ ነው። ደሙ ያለው እዚያ ድንጋይ ላይ ነው። የሰፈሩ ሰው እማማ ነጫጭ ይላቸዋል። ሠላሳ አንድ ዓመት በአንድ ትልቅ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ሠርተው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው፤ ያጠቡት አንሶላ ዓይን ይወጋል ተብሎ ነው ስሙ የወጣላቸው። ጫማቸውን አላወለቁም። ነጠላቸው ትከሻቸው ላይ ነው። ቦርሳቸው ሶፋው ላይ ተቀምጧል፤ ገንዘባቸው አልተነካም። ስልካቸው ግን የለም።

የአሻራ ባለሙያው ከወጥ ቤት ወጣ። ሁልጊዜ የተኮሳተረ ሰው ነው፤ ዛሬ ብሶበታል።

«ኢንስፔክተር፣ አንድ ነገር አልገባኝም። የልጃቸውና የአማቻቸው ይሆናል የምለው አሻራ በየቦታው አለ። የተከራዩም አለ። የእሳቸው ግን የትም የለም። የጠጡበት ብርጭቆ ላይ እንኳ ወዝ እንጂ መስመር የለም።»

«ተወልውሏል ማለት ነዋ።»

«የሰውን ሁሉ አሻራ ትቶ የሟችን ብቻ የሚወለውል ገዳይ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

 ዓይኗ ሶፋው ላይ ወደተጣለ ጋዜጣ ሄደ። የዛሬ ጠዋት ጋዜጣ ነው። የሥራ ማስታወቂያው ገጽ ወደ ላይ ታጥፎ፣ ሦስት ቦታ በሰማያዊ እስክሪብቶ ተከቧል።

«ጡረተኛዋ ሥራ ፍለጋ ጀምረው ነበር እንዴ?» አለ ሳጅኑ።

*

ሬሳውን ያገኘው ተከራዩ ነው። በጓዳ በኩል ያለውን ክፍል ተከራይቶ አራት ዓመት የኖረ፣ መኪና መንዳት የሚያስተምር፣ ጉልበቱን ለመሰብሰብ ቦታ ያጣ የሚመስል ረጅም ሰው። ወጥ ቤት ውስጥ በርጩማ ላይ አስቀምጠውታል። 

«ስንት ሰዓት ገባህ?» አለችው ኢንስፔክተሯ።

«ሰባት ተኩል። ምሳ ልበላ።»

«ከዚያ በፊትስ?»

«ጠዋት አንድ ሰዓት ከወጣሁ አልተመለስኩም።»

«በምን ከፈትክ?»

ከሸሚዙ ኪስ ነጭ ካርድ አወጣ። «በዚህ። ጣት የቤተሰብ ነው አሉኝ። ተከራይ በካርድ ነው የሚገባው።»

«ቅር ብሎሃል ማለት ነው።»

«ቅር ማለት ሳይሆን...» አንገቱን አሻሸ። «አራት ዓመት ቁልፍ ይዤ ኖሬ፣ አሁን ማን ስንት ሰዓት እንደገባ ስልክ ላይ ይጻፋል ሲሉኝ ደስ አላለኝም። እማማ ራሳቸውም አልወደዱትም። ማክሰኞ ዕለት ቤቱን ልለቅ ነው አልኳቸው። ተቆጡ። ጮኽን። ጎረቤት ሳይነግርሽ እኔው ልንገርሽ ብዬ ነው።»

«ጋዜጣው ያንተ ነው?»

«እኔ? እኔ ከመንገድ ምልክት በቀር የማነበው ነገር የለም።»

ሳጅኑ ፈገግ ሊል ነበር፤ ኢንስፔክተሯ በዓይኗ አስቆመችው። ይህ ሰው ሳይጠየቅ ጠቡን ተናገረ። ንጹሕ ሰው እንዲህ ያደርጋል። ብልጥ ሰውም እንዲህ ያደርጋል።

*

የእማማ ልጅ ውጭ መኪና ውስጥ ነበረች፤ በሩን ከፍታ፣ እግሮቿን መሬት አድርጋ። ፋርማሲስት ናት፤ ነጩን ጋወን አላወለቀችም። ባሏ አጠገቧ ቆሟል፤ ክራባቱ የተስተካከለ፣ ዓይኑ የቀላ፣ ድምፁ የረጋ ሰው። ኢንስፔክተሯ አፏን ሳትከፍት ከሚስቱ ቦርሳ ስልኳን አወጣ።

«መዝገቡን ማየት ትፈልጋላችሁ ብዬ ነው። በሩ ማን እንደገባ ያውቃል» አለ።

ኢንስፔክተሯ ስልኩን ተቀበለች። ዝርዝሩ አጭር ነው። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሃያ ላይ «እማማ ገብተዋል» ይላል። አራት ሰዓት ከአምስት ላይ «በካርድ ተገብቷል»። ሰባት ተኩል ላይ እንደገና «በካርድ ተገብቷል»። ሌላ ምንም የለም።

«እናቴ ሰኞ፣ ረቡዕና አርብ ለወገቧ ክሊኒክ ትሄዳለች» አለች ልጅቷ። «ዛሬ የምታሻት ባለሙያ ቀርታ መልሰዋታል። አሁን ደውዬ ጠየቅኳቸው። ለዚህ ነው በጊዜ የገባችው።»

«ካርዱ ስንት ነው?»

አማቹ መለሰ። «ሁለት። አንዱ የተከራዩ ነው። ሌላው መጠባበቂያ ነው፤ እማማ ቦርሳ ውስጥ አለ። እሳቸው ግን በጣታቸው ነው የሚገቡት።»

«ሁለቱን ካርዶች ይለያቸዋል?»

«አይለይም። ሁለቱም ‹ካርድ› ተብለው ነው የተመዘገቡት።»

«ዛሬ ረፋዱን የት ነበራችሁ?»

«ፋርማሲ» አለች ልጅቷ። «ከሁለት ሰዓት ጀምሮ። አራት ሠራተኛ አየኝ።»

«ባለቤትሽስ?»

ቀና ብላ ባሏን አየችው፤ ከዚያ ጫማዋን። «እሱ... ሥራ ላይ ነዋ።»

«መድን ድርጅት ነው የምሠራው» አለ ባል ቶሎ ብሎ። «ጉዳት ገማች ነኝ፤ ዛሬ መስክ ነበርኩ። የእኔም ጣት እዚህ በር ላይ ተመዝግቧል። ገብቼ ቢሆን ኖሮ ይጽፍ ነበር።»

እውነቱን ነው፤ አልጻፈም። ኢንስፔክተሯ ግን ያቺን «እሱ...» ብላ የቆመችበትን ቅጽበት ያዘች። ሚስት ባሏ የት እንደዋለ ስትጠየቅ መሬት የምታየው ለምንድን ነው? የምትደብቀው ለእሱ ነው ወይስ ለራሷ?

*

አመሻሹ ላይ ተከራዩ ጣቢያ ተቀምጦ ላቡን ይጠርግ ነበር።

«አንድ ጊዜ ነው የገባሁት ብለሃል። መዝገቡ ሁለት ጊዜ ይላል» አለችው ኢንስፔክተሯ።

«መዝገቡ ይዋሻል!»

«አራት ሰዓት ላይ የት ነበርክ?»

«ተማሪዬ ቀረች። መኪናው ውስጥ ተኛሁ።»

«ያየህ ሰው?»

«የተኛ ሰው ማን ያየዋል?»

«ሌላው ካርድ ቦርሳቸው ውስጥ ዚፑ ተዘግቶበት ነው የተገኘው። እማማ ሦስት ሰዓት ከሃያ በጣታቸው ገቡ። አራት ሰዓት ከአምስት ላይ ሰው በካርድ ገባ። ሐኪሙ አደጋው የደረሰው ከአራት እስከ አምስት ባለው ጊዜ ነው ይላል። አንተ ብትሆን ምን ትላለህ?»

ተከራዩ ላቡን መጥረጉን ተወ። ከዚያ ቀስ ብሎ «እኔ ብሆን እኔን አስር ነበር» አለ። «ግን አልገባሁም።»

አሰሩት። ሳጅኑ ፋይሉን ዘግቶ ኮቱን ሲያነሳ ኢንስፔክተሯ ወንበሯ ላይ ቀርታ በጣቷ ጠረጴዛውን ታንኳኳ ነበር።

«ምን ሆንሽ አለቃ?»

«ብርጭቆው። ጋዜጣው። የልጅቷ ዓይን። ደግሞም በሩ ነው እንጂ ሰው ምንም አልነገረኝም ጋሼ። በሩን ማን አስተማረው?»

*

ያን እጀታ የገጠመው ቁልፍ ሠሪ ቅዳሜ ጠዋት ሱቁን ሲከፍት ደጁ ላይ ጠበቁት። ግድግዳው ላይ በተሰቀለ ጣውላ አሥራ አንድ ዓይነት ቁልፍ ለናሙና ተመትቷል። ሰውየው ወሬ ይወዳል፤ ሥራውንም ይወዳል።

«ሦስቱም መጥተው ነው የመረጡት» አለ። «አሮጊቷ ‹ቁልፌ ይበቃኛል፣ ባይሆን አንድ ትርፍ አስቀርጹልኝ› አሉ። ልጅቷ አልሰማ አለች። እናትዬው ቁልፍ ጥለው ዝናብ ላይ ቆመው ታመውባታል። መጀመሪያ ይሄን አሳየኋቸው፤ ቁጥር ብቻ ነው፣ ርካሽ ነው። ‹እናቴ ቁጥር ትረሳለች› አለች። ይሄ ደግሞ ካርድ ብቻ ነው። ‹ካርድም ትጥላለች› አለች። እንግዲያው ጣት ይሻላል አልኩ፤ ጣት አይጣል!» ብሎ የራሱን ጣቶች ዘረጋ። «ስልክ ላይ መልእክት የሚልከውን የፈለገችው እሷ ናት። እናቴ በሰላም መግባቷን ልወቅ ብላ። ባልየው ብቻ መልእክቱ ይቅር አለ።»

«ለምን?»

«ባትሪ ይበላል ብሎ። አይበላም፣ አራት ድንጋይ ዓመት ይሠራል አልኩት። ዝም አለ።»

ኢንስፔክተሯ ወደ ሌላ ነገር ተጣድፋ ነበርና አለፈችው። «ባትሪው ቢሞት በምን ይከፈታል?»

«ከሥሩ ሽፋን አለ። ሽፋኑን ስትገፊው ተራ የቁልፍ ቀዳዳ ታገኚያለሽ። ሁለት ቁልፍ አለው፤ አሽጌ ለልጅቷ ሰጥቻለሁ።»

«ሳታሽግ በፊት ሦስተኛ ቀርጸህስ እንደሆነ?»

የሰውየው ፊት ወዲያው ተለወጠ። «ሃያ ሁለት ዓመት የሰው በር ስሠራ ኖሬ ሌባ ልትይኝ ነው? ብረቱን አስሬ፣ የድሮውን ቀዳዳ በእንጨት ደፍኜ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ ያለው የቤቱ ሰው ጉዳይ ነው።» ጀርባውን ሰጥቶ ሞረዱን አነሳ፤ ከዚያ በኋላ ከአፉ ሌላ ቃል አልወጣም።

ሳጅኑ ከሰዓት በኋላ ልጅቷ ቤት ሄዶ ፖስታውን አየ። ማሸጊያው አልተነካም፤ ሁለቱም ቁልፎች ውስጡ አሉ። አንድ መንገድ ተዘጋ።

*

ሰኞ ጠዋት የአሻራ ባለሙያው ከሆስፒታሉ ሬሳ ክፍል ደወለ። የተኮሳተረ ድምፁ ዛሬ ተቀይሯል።

«ኢንስፔክተር፣ ብርጭቆውን ማንም አልወለወለውም።»

«ምን ማለትህ ነው?»

«ለማነጻጸር ብዬ የእማማን አሻራ ላነሳ መጣሁ። የሚነሳ ነገር የለም። አሥሩም ጣታቸው ልሙጥ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት በበረኪናና በፈላ ውሃ! መስመሩን በልቶ ጨርሶታል።»

ኢንስፔክተሯ ስልኩን ከጆሮዋ ሳታነሳ ቆማ ቀረች። ከዚያ መሳቢያዋን ከፍታ ከልጅቷ ስልክ ያስገለበጠችውን የሰባት ሳምንት መዝገብ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች።

«ጋሼ፣ ይምጡ።»

ሳጅኑ መነጽሩን አደረገ።

«እማማ ጣት የላቸውም። እንግዲህ ሦስት ሰዓት ከሃያ ላይ ‹እማማ ገብተዋል› የተባለው ማን ነው?»

 እሷ በእስክሪብቶ ማስመር ጀመረች። ሰኞ፣ ሦስት ሰዓት ከሩብ፣ እማማ ገብተዋል። ረቡዕ፣ ሦስት ሰዓት ከሃያ፣ እማማ ገብተዋል። አርብ፣ እንዲሁ። ሳምንት አልፎ ሳምንት ሲመጣ ሌላ ቀን የለም፤ ሰኞ፣ ረቡዕ፣ አርብ። በእነዚህም ቀናት ሁሉ አምስት ሰዓት ከሩብ ገደማ «በካርድ ተገብቷል» የሚል አለ። ተከራዩ ነው ብላ ያለፈችው።

«የክሊኒክ ቀን ናቸው» አለ ሳጅኑ ቀስ ብሎ።

ክሊኒኩ ከእማማ ቤት የሩብ ሰዓት መንገድ ነው። የእንግዳ መቀበያዋ ሠራተኛ ደብተሯን አገላብጣ አሳየቻቸው። በነዚያ ቀናት ሁሉ እማማ ነጫጭ ከሦስት ሰዓት እስከ አምስት ሰዓት ሕክምና ላይ ነበሩ። በሩ ገብተዋል ባለባት በእያንዳንዷ ደቂቃ አልጋ ላይ በሆዳቸው ተኝተው ወገባቸው ይታሽ ነበር።

«አርብስ? ባለሙያዋ ቀርታ ቶሎ መልሳችኋቸው ነበር?»

«ቶሎ እንኳን አላልናቸውም። ትመጣለች እያልን አስጠበቅናቸው። አራት ሰዓት ሊሆን ትንሽ ሲቀረው ተስፋ ቆርጠው ሄዱ። ውሃ የሰጠኋቸው እኔ ነኝ።»

አራት ሰዓት ሊሆን ሲል ወጡ። ሩብ ሰዓት ሄዱ። አራት ሰዓት ከአምስት ላይ ካርዳቸውን አውጥተው በራቸውን ከፈቱ፤ ካርዱን መልሰው ቦርሳቸው ከተቱ፤ ዚፑን ዘጉ። በካርድ የገባው ገዳይ ነው ስትል ሦስት ቀን ሙሉ የተከተለችው ሰው ሟቿ ራሳቸው ነበሩ። በጣት የገባው ሰው ደግሞ ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

ከመኪናው ሆና ለቁልፍ ሠሪው ደወለች።

«የአሮጊቷን ጣት የመዘገበው ማን ነው?»

«እኔ እያለሁ አልተመዘገበም። አምስቴ ሞከሩ፣ አምስቴ ቀይ አበራባቸው። ባልየው የሚስቱን ስልክ ይዞ ነበር፤ ‹ተወው፣ በኋላ ረጋ ብዬ እሞክረዋለሁ› አለኝ።»

«ቅዳሜ ለምን አልነገርከኝም?»

«ሌባ አስመሰልሽኝ እኮ!»

ሳጅኑ በሌላ ስልክ እያወራ ነበር። ሲጨርስ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሻሸ። «መድን ድርጅቱ ነው። ሰውየውን ካሰናበቱት ሦስት ወር ሆኖታል። በየቀኑ ክራባት አስሮ የት ነው የሚሄደው፣ አለቃ?»

*

ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አራቱ የእማማ ነጫጭ በር ፊት ቆሙ። ልጅቷ ጥቁር ለብሳለች። ባሏ ክራባቱን አስሯል።

«ስልክሽን ያዥው» አለች ኢንስፔክተሯ ለልጅቷ። «መልእክቱ ሲመጣ ወዲያው ነው የምታይው?»

«ኧረ የለም፣ ሥራ ይበዛብኛል። ምሳ ሰዓት ላይ ነው የማየው። ‹እማማ ገብተዋል› ካለ ልቤ ያርፋል። ሰዓቱን እንኳ አላየውም።»

ኢንስፔክተሯ ወደ ባልየው ዞረች። «ጣትህን አድርግበት።»

የቀኝ እጁን ጠቋሚ ጣት መስታወቱ ላይ አሳረፈ። አረንጓዴ በራ። በሩ ቀጭ አለ። የልጅቷ ስልክ ጮኸ።

«‹የኔው ገብቷል›» ብላ አነበበች። እንደዚያ ብላ ነው የመዘገበችው።

«አሁን ሌላውን ጣት።»

«ሌላ አልተመዘገበም» አለ።

«ካልተመዘገበ ቀይ ያበራል። ሞክረው።»

«ይሄ ምን ዓይነት ምርመራ ነው? እማማን ገና እንኳ ሳንቀብር...»

«ተወኝ ካልክ አላስገድድህም» አለች ኢንስፔክተሯ። «የበሩን ቁልፍ አስፈትቼ ለባለሙያ እሰጣለሁ። ነገ መልሱ ይመጣል።»

ባልየው ሁለት እጁን ሱሪው ኪስ ከተተ።  ልጅቷ ባሏን አየችው፤ ኪሱን አየችው። ከዚያ ቀስ ብላ ክንዱን ያዘችና እጁን ከኪሱ አወጣችው። መንገድ ሲሻገሩ እንደምትይዘው አድርጋ ያዘችው። አልታገላትም። ጣቶቹን አንድ በአንድ እየወሰደች መስታወቱ ላይ አስነካች። የቀኙን ሌሎች ጣቶች ጨረሰች፤ ቀይ፣ ቀይ፣ ቀይ፣ ቀይ። ግራውን አነሳች። አውራ ጣቱን አሳረፈች።

አረንጓዴ በራ። በሩ ቀጭ አለ። ስልኩ ጮኸ።

ልጅቷ አነበበችው እንጂ ድምፅ አላወጣችም። ስልኩን ለኢንስፔክተሯ አዙራ አሳየቻት። «እማማ ገብተዋል» ይላል።

«እጇ ሁልጊዜ ለስላሳ ነበር» አለች ልጅቷ። «ፊቴን ስትዳብሰኝ ጨርቅ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን እንኳ ለምን ብዬ አላሰብኩም።»

*

ባልየው ደጃፉ ላይ ተቀመጠና ሳይጠይቁት ተናገረ። ሰው ሸክም ሲያወርድ እንደሚያደርገው፣ አንዴ ከጀመረ በኋላ አላቋረጠም።

ከሥራ ሲሰናበት ለሚስቱ መንገር አቃተው። ዛሬ እነግራታለሁ ነገ እነግራታለሁ ሲል ወር ሞላ። ጠዋት ለብሶ ይወጣል፤ መናፈሻ ይቀመጣል፤ ዝናብ ሲመጣ ታክሲ ተራ መጠለያ ሥር ይቆማል። ቁልፉ ሲገጠም የእማማ ጣት እምቢ አለ። ያን ጊዜ ሐሳቡ መጣለት። የራሱን አውራ ጣት በእሳቸው ስም መዘገበ። ለእማማ ደግሞ «ጣትዎ አልያዘም ብለው አይንገሯት፣ ትጨነቃለች፤ በካርዱ ይግቡ» አላቸው። እሳቸውም እሺ አሉ፤ ልጃቸው ከምትጨነቅ ብለው ምስጢሩን ጠበቁለት። ከዚያ ወዲያ በሳምንት ሦስት ቀን የሚቀመጥበት ጣሪያ አገኘ። ማመልከቻ ይጽፋል፤ ጋዜጣ ያነባል፤ አንዳንዴ ሶፋው ላይ እንቅልፍ ይወስደዋል። እማማ ከመምጣታቸው በፊት ይወጣል።

«አርብ ዕለት በሩ ሲከፈት ደነገጥኩ» አለ። «እሳቸው ግን አልደነገጡም። ምን ትሠራለህ እንኳ አላሉኝም። ‹ምሳ ልሥራልህ?› አሉኝ። ከዚያ ስልካቸውን አወጡ። ‹ትምጣና ሦስታችንም ቁጭ ብለን እንነጋገር› አሉ። አይደውሉ አልኳቸው። ለመንኳቸው። ሊደውሉ ሲሉ ስልኩን ያዝኩባቸው፤ አልለቅ አሉ፤ ሳብኩ። ደረጃው ከኋላቸው ነበር።»

«ስልኩ የት አለ?»

«ከቤቱ ኋላ ያለው ቱቦ ውስጥ ጣልኩት።»

«ቆመህ አየሃቸው?» አለ ሳጅኑ። 

«አላየሁም። ወጣሁ። ሞተዋል ብዬ ነው።»

«ተከራዩ ሲታሰርስ?»

ባልየው አንገቱን ደፋ።

ሚስቱ ከፊቱ ቆማ ነበር። ሲናገር ሁሉ ዓይኗን ከፊቱ አላነሳችም። «ለምን አልነገርከኝም?» አለች።

«ትንቂኛለሽ ብዬ። አንቺ ጠዋት ማታ ስትሠሪ እኔ...»

«አውቅ ነበር።»

ቀና አለ።

«ካሰናበቱህ በሦስተኛው ሳምንት የባልደረባህ ሚስት የደም ግፊት መድኃኒት ልትገዛ መጥታ ነገረችኝ። ሸሚዝህን በየማታው ስተኩስ አውቅ ነበር። ‹መስክ እንዴት ዋለ?› ስልህ አውቅ ነበር። እስክትነግረኝ እየጠበቅኩህ ነበር። ለእማዬም ነገርኳት። ‹ዝም በይው፣ በራሱ አፍ ይንገርሽ፤ የሰው አንገት አታስደፊ› አለችኝ።»

 ባልየው ዓይኑን ከእሷ ላይ አነሳ። እጆቹን አየ፤ ገለበጣቸው፤ እንደገና አየ። ከዚያ ጭንቅላቱ ወደ ፊት ወደቀ፤ ሳጅኑ በብብቱ ይዞ አነሳው። እየደገፈ ወደ መኪናው ወሰደው፤ በሩን ዘጋበት፤ ራዲዮኑን አንሥቶም ተከራዩ አሁኑኑ እንዲፈታ ወደ ጣቢያው ተናገረ።

ልጅቷና ኢንስፔክተሯ ደጁ ላይ ብቻቸውን ቀሩ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለች ልጅቷ። «ወዲያው ነው የሞተችው?»

ኢንስፔክተሯ የሐኪሙን ወረቀት ጠዋት አንብባዋለች። አዎ ብትል ቀላል ነበር። ማንም አይታዘባትም። ነገር ግን በዚህ ቤተሰብ ውስጥ ሁሉም ሰው ሌላውን ላለማስከፋት ብሎ ሲደብቅ የከረመውን አሰበች፤ እሷም አንድ ልትጨምርበት አልፈለገችም።

«አይደለም እህቴ» አለች። «ሁለት ሰዓት ያህል ቆይተዋል። ራሳቸውን ስተው ነበር፤ ሕመሙ አልተሰማቸውም ይላል ሐኪሙ። ግን ቆይተዋል። ሰው ቢጠራላቸው ይተርፉ ነበር።»

ልጅቷ ራሷን ነቀነቀች፤ አንዴ፣ ሁለቴ። ከዚያ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች፤ እንባዋ ያን ጊዜ መጣ። ኢንስፔክተሯም አጠገቧ መሬት ላይ ተቀምጣ፣ ልጅቷ «አክስቴን ጥሩልኝ» እስክትል ድረስ እጇን ይዛ ቆየች።